«ፎያ ተዘግቷል ወይ?» የራስን የጥገኝነት ፋይል ከአሜሪካ መንግሥት ስለማውጣት

ጥያቄው የመጣው ከሜሪላንድ ነው፤ ስለ ፎያ፣ ማለትም መንግሥት የያዘውን ሰነድ ለመጠየቅ ስለሚያስችለው የአሜሪካ ሕግ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦ «በ2016 ጥገኝነት ጠይቄ እስካሁን ለኢንተርቪው አልተጠራሁም። ፎርሙን የሞላልኝ ሰው ጠበቃ አልነበረም። ኮፒ አልሰጠኝም፤ አሁን ስልኩም አይሠራም። ምን ብሎ እንደጻፈልኝ በደንብ አላስታውስም። አንዳንዶች ፎያ ጠይቂ ይሉኛል። ሌሎች ደግሞ ፎያ ተዘግቷል፣ ዜጋ ላልሆነ ሰው አይሰጥም፣ ከጠየቅሽ ስምሽ ሰው ይዞ የሚያባርረው አይስ ጋ ይደርሳል ይላሉ። አንድ ሰው በ600 ዶላር በሳምንት ውስጥ አወጣልሻለሁ ብሎኛል። ምን ላድርግ?»

ውሳኔውን አስቀድሜ ልንገርሽ። ለሰውዬው 600 ዶላር አትክፈይ። ጥያቄውን ራስሽ በኦንላይን አስገቢ፣ ከተቻለ ዛሬ ማታ። ኢንተርቪው እስክትጠሪም አትጠብቂ። ቀጠሮ ሲመጣ በእጅሽ የሚኖረው ጊዜ የጥቂት ሳምንት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ፋይሉ ደግሞ በዚያ ፍጥነት ላይደርስልሽ ይችላል።

«ተዘግቷል» ከሚለው ልጀምር። ፎያ የአሜሪካ የመረጃ ነፃነት ሕግ ነው። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የፈረሙት በጁላይ 4፣ 1966 ነው፤ ሥራ ላይ የዋለው ከዓመት በኋላ። ኮንግረስ ያወጣው ሕግ ስለሆነ ማንም ፕሬዚዳንት ተነስቶ ሊሰርዘው አይችልም። ዛሬም በሥራ ላይ ነው።

ወሬው ግን ከባዶ አልተነሳም። በ2025 የፌዴራል ሠራተኞች በገፍ ሲቀነሱ ፎያ የሚሠሩትም አብረው ተነኩ። በኤፕሪል የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከሉ፣ ማለትም ሲዲሲ፣ የፎያ ክፍሉ እንዳለ ተበተነ። በዚያው ሰሞን ኢሎን መስክ ይመሩት የነበረው የወጪ ቅነሳ ቡድን፣ ዶጅ፣ ለፎያ ይገዛል ወይስ አይገዛም የሚል ክርክር ፍርድ ቤት ደረሰ። በማርች አንድ የዋሽንግተን ፌዴራል ዳኛ ሳይገዛ አይቀርም አለ። በጁን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ገባበትና ዶጅ ለከሳሾቹ እንዲያስረክብ የታዘዘው መረጃ እንዲጠብ አድርጎ መለሰው። ከዚያ ደግሞ ከኦክቶበር 1 እስከ ኖቬምበር 12 መንግሥት ተዘጋ፤ ብዙ መሥሪያ ቤቶች በዚያ መሀል ፎያ መመለስ አቆሙ። ይህ ሁሉ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ «ፎያ ተዘጋ» ሆነ። ያንቺን ፋይል የያዘው ዩኤስሲአይኤስ፣ እኛ በተለምዶ ኢሚግሬሽን የምንለው፣ በዋናነት የሚተዳደረው አመልካቾች በሚከፍሉት ገንዘብ ነው። ስለዚህ ኮንግረስ በጀት ሳያጸድቅ ሲቀር እንደ ሌሎቹ ሙሉ በሙሉ አይቆምም። ሕጉ አለ፣ በሩ ክፍት ነው። የተዳከመው የማስፈጸም አቅሙ ነው፤ መዘዙም መዘግየት ነው።

«ለዜጋ ብቻ ነው» የሚለው ደግሞ ሁለት ሕግ ከመቀላቀል የመጣ ነው። በ1974 የወጣ ፕራይቬሲ አክት የሚባል ሌላ ሕግ አለ፤ እሱ በመሠረቱ ዜጎችንና ግሪን ካርድ ያላቸውን ነው የሚመለከተው። ፎያ እንደዚያ አይደለም። ዜግነት አይጠይቅም፣ የመኖሪያ ፈቃድም አይጠይቅም። ጥገኝነት ጠያቂ፣ ቪዛው ያለፈበት ሰው፣ አዲስ አበባ የተቀመጠ ሰው፣ ሁሉም መጠየቅ ይችላሉ። በ2024 የበጀት ዓመት የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች በጠቅላላው ከ1.5 ሚሊዮን በላይ የፎያ ጥያቄ ተቀብለዋል። ከዚያ ከግማሽ በላይ የሆነው ኢሚግሬሽንና ድንበር ጥበቃ በሥሩ ላሉት ለሆምላንድ ሴኩሪቲ የቀረበ ነው፤ አብዛኛውም የገዛ ራሳቸውን የኢሚግሬሽን ፋይል የሚፈልጉ ሰዎች ጥያቄ ነው። አንቺ የምትሰለፊበት ሰልፍ ይህ ነው። ብርቅ ነገር አይደለሽም፣ ማንም ለይቶ አያይሽም።

ለምን ይህን ያህል ሰው ይሰለፋል? በወንጀል የተከሰሰ ሰው አቃቤ ሕግ የያዘበትን ማስረጃ የማየት መብት አለው። ኢሚግሬሽን ላይ ግን እንዲህ ያለ መደበኛ የማስረጃ ልውውጥ የለም። በካሊፎርኒያና በአካባቢው ላሉ ግዛቶች የሚወስነው የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2010 በሰጠው ፍርድ፣ የመባረር ክስ ላይ ያለ ሰው ፋይሉ ሊሰጠው ይገባል ብሏል። ሜሪላንድ ግን በዚያ ፍርድ ቤት ሥር አይደለችም፤ አንቺም ገና ፍርድ ቤት አልቀረብሽም። ስለዚህ ኢንተርቪው የሚያደርግሽ መኮንን ፋይልሽን ፊት ለፊቱ ዘርግቶ ሲጠይቅሽ፣ አንቺ በ2016 ሌላ ሰው በስምሽ የጻፈውን በጭንቅላትሽ ልታስታውሺ ነው ማለት ነው። ይህ ፍትሐዊ አይደለም። ግን አሠራሩ ይህ ነው፤ ክፍተቱን የምትሞይበት መንገድ ደግሞ ፎያ ነው።

አሁን ወደሚያስፈራሽ ነገር ልግባ፣ አይስ። በአንቺ ሁኔታ ፎያ መጠየቅ ለመንግሥት አዲስ ነገር አይነግረውም። ማመልከቻሽ እነሱ ጋ ነው። አሻራሽን ሰጥተሻል፣ ዎርክ ፐርሚት ስታድሺ አድራሻሽን ደጋግመሽ ጽፈሻል። ቤት በቀየርሽ በ10 ቀን ውስጥ አድራሻ የማሳወቅ ግዴታም ስላለብሽ የት እንደምትኖሪ ያውቃሉ፣ ወይም ማወቅ አለባቸው። አይስና ዩኤስሲአይኤስ ሁለቱም በሆምላንድ ሴኩሪቲ ሥር ናቸው፤ ያንኑ ፋይል ፎያ ኖረም አልኖረም ያዩታል። የፎያ ጥያቄሽን የሚያስተናግደው ክፍል ሥራው ፋይል አገላብጦ መላክ ነው።

ይህን ግን ለሁሉም አንባቢ አልልም። የመባረር ትዕዛዝ ያለበት ሰው፣ የፍርድ ቤት ቀጠሮ ያለፈው ሰው፣ ወይም በድንበር ገብቶ ፍርድ ቤት ይኑረው አይኑረው በቅጡ የማያውቅ ሰው በራሱ አድራሻ ጥያቄ እንዲያስገባ አልመክርም። በመጀመሪያ የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤቶች ድረ ገጽ ላይ በኤ ነምበሩ፣ ማለትም ኢሚግሬሽን በሰጠው የፋይል ቁጥር፣ ክስ ወይም ትዕዛዝ መኖሩን ይመልከት። ከዚያ ጠበቃ ይዞ፣ በጠበቃው አድራሻ ይጠይቅ። ፍርድ ቤት ፋይል ያለው ሰው ደግሞ የፍርድ ቤቱን መዝገብ ለማግኘት ፎያ ጭራሽ ላያስፈልገው ይችላል፤ ተከራካሪ ወገን ስለሆነ እሱ ወይም ጠበቃው በቀጥታ ከፍርድ ቤቱ መጠየቅ ይችላሉ። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ወራት ያቃጥላል።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ሕጉ በ20 የሥራ ቀን ውስጥ መልስ ስጡ ይላል። ልዩ ምክንያት ካለ 10 የሥራ ቀን መጨመር ይቻላል። በወረቀት ላይ ያለው ይህ ነው። በተግባር ግን ኢሚግሬሽን ለዓመታት ይህን ቀን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎት ኖሯል። ስደተኞችና ጠበቆች በ2019 በጋራ ከሰሱ። በዲሴምበር 2020 የሳን ፍራንሲስኮው ፌዴራል ዳኛ ዊልያም ኦሪክ መሥሪያ ቤቶቹ ሕጉን በተደጋጋሚ እንደጣሱ ወሰኑ፤ የተከማቸውን ጥያቄ በ60 ቀን አጽዱ፣ ከዚያም በየሦስት ወሩ ሪፖርት አቅርቡ ብለው አዘዙ። ይህ ፍርድ ብዙ ነገር ቀይሯል። ከዚያ በፊት ፋይል መጠበቅ ማለት የብዙ ወራት ነገር ነበር። ሆኖም «በ20 ቀን ይደርሰኛል» ብለሽ ዕቅድ አታውጪ። ሰውዬው «በሳምንት» ያለሽ ነገር ግን ፈጽሞ የማይታመን ነው። ገንዘብ ተከፍሎበት ወረፋ የሚያስዘልል የጓሮ በር የለም። አለኝ የሚል ሰው ወይ ይዋሻል፣ ወይ በወንጀል ውስጥ ሊያስገባሽ ነው።

ኢሚግሬሽን ጥያቄዎችን በሦስት መስመር ይከፍላል፤ ብዙዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ጋ ነው። አንደኛው መስመር የተወሰነ ሰነድ ለሚጠይቁ ነው፣ ፈጠን ይላል። ሁለተኛው ሙሉ ፋይል ለሚጠይቁ ነው፣ ይረዝማል። ሦስተኛው ዳኛ ፊት ቀጠሮ ላላቸው ነው፤ የክስ ወረቀቱን ወይም የቀጠሮ ማስታወቂያውን ማያያዝ ያስፈልጋል። ሰው ሁሉ «ያለኝን በሙሉ ስጡኝ» ይልና ሁለተኛው መስመር ላይ ይቀመጣል። አንቺ በመጀመሪያ የምትፈልጊው አንድ ነገር ነው፦ በ2016 ያስገባሽው የጥገኝነት ማመልከቻ፣ ማለትም ፎርም አይ-589፣ ከአባሪው ታሪክና ከማስረጃዎቹ ጋር። ያንን ብቻ ጠይቂ። እሱ ከደረሰሽ በኋላ ሙሉውን ፋይል በሌላ ጥያቄ ታስከትያለሽ።

አሞላሉ ከባድ አይደለም። የዩኤስሲአይኤስ አካውንት ትከፍቻለሽ፤ በራስሽ ኢሜይል ይሁን፣ የይለፍ ቃሉን ለማንም አትስጪ። ኤ ነምበርሽ ዎርክ ፐርሚት ካርድሽ ላይ አለ። ስምሽን ሪሲትሽ ላይ እንዳለው ጻፊ። ከዚያ ሌሎቹን አጻጻፎች ሁሉ ጨምሪ። የእኛ ስም በእንግሊዝኛ አንድ ወጥ ሆኖ አያውቅም፤ የአያት ስም የአባት ቦታ ይገባል፣ ፓስፖርቱ ላይ አንድ ኤ፣ ቪዛው ላይ ሁለት ኤ ይሆናል። ፋይሉን የሚፈልገው ሠራተኛ ያልጻፍሽውን ስም አይገምትልሽም። ልደትሽ በፋይሉ ላይ በስህተት ተጽፏል ብለሽ ከጠረጠርሽ ትክክለኛውንም የተሳሳተውንም አስቀምጪ። ማንነትሽን በፊርማሽ ታረጋግጫለሽ፤ «የተናገርኩት እውነት ነው፣ ሐሰት ከሆነ በሕግ እጠየቃለሁ» የሚለው መሐላ ስላለ ኖተሪ ፍለጋ መሄድ አያስፈልግሽም። የማስገቢያ ክፍያ የለም። እስከ 25 ዶላር ወጪ ቢመጣ እከፍላለሁ የሚል ዓረፍተ ነገር ብታዪ አትደንግጪ፤ የመጀመሪያው 2 ሰዓት ፍለጋና 100 ገጽ በሕጉ ነፃ ነው፣ የራሱን ፋይል የሚጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ ምንም አይከፍልም።

ፋይሉ ሲመጣ ሁሉም ነገር በውስጡ እንዳለ አድርገሽ አትውሰጂ። ሕጉ መረጃ የሚከለከልባቸው ዘጠኝ ምክንያቶች አሉት። አንዳንድ መስመር ተሸፍኖ ታገኚዋለሽ፤ ከጎኑም ምክንያቱን የሚያሳይ ትንሽ ቁጥርና ፊደል አለ። ቢ-6 ካለ የሌላ ሰው የግል ጉዳይ ነው። ቢ-7-ኢ ካለ የምርመራ ዘዴያቸው ነው። ቢ-5 ካለ ሠራተኞች ከውሳኔ በፊት እርስ በርስ የተመካከሩት ነው። አንቺ ራስሽ ያስገባሽው ማመልከቻ ግን ከእነዚህ በአንዱም በጅምላ ሊከለከል አይገባም።

ኢንተርቪው አድርገው ወደ ዳኛ የተመሩ አንባቢዎች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝን እዚሁ ልመልስ። መኮንኑ ኢንተርቪው ላይ የጻፈው ማስታወሻ በአብዛኛው ይወጣል፤ በ2013 ካሊፎርኒያ ውስጥ በነበረ ክስ ኢሚግሬሽን ማስታወሻዎቹን በመርህ ደረጃ ለመልቀቅ ተስማምቷል። መኮንኑ «ይህ ሰው ወደ ዳኛ ይመራ» ብሎ ለአለቃው የሚጽፈው ግምገማ ግን አይወጣም። የዋሽንግተኑ የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2015 እንዲህ ያለው ግምገማ የውስጥ ምክክር ስለሆነ መከልከሉ ትክክል ነው ብሏል። ፍርዱን የጻፉት ዛሬ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያሉት ብሬት ካቫና ናቸው። በውሳኔው አልስማማም፤ ሰው ለምን እንዳልታመነ ማወቅ አለበት። ግን ፍርዱ ይህ ነው፣ በዚህ ላይ ገንዘብና ጊዜ አታጥፉ። ማስታወሻውን ጠይቁ።

ሌላው ገደብ፣ ኢሚግሬሽን የሌላ መሥሪያ ቤት ሰነድ አይሰጥሽም። የገባሽበትና የወጣሽበት ቀን ያለው የጉምሩክና ድንበር ጥበቃው ጋ ነው። አዲስ አበባ ኤምባሲ ለቪዛ ስታመለክቺ የሞላሽው ያለው ስቴት ዲፓርትመንት ጋ ነው፤ የቪዛ መዝገብ ደግሞ በሌላ ሕግ ምስጢር ስለሆነ የምታገኚው በአብዛኛው ራስሽ ያስገባሽውን ወይም ለአንቺ የተላከውን ብቻ ነው። ቪዛው ላይ የተናገርሽውና ጥገኝነቱ ላይ የተጻፈው እንዳይጋጭ ከሰጋሽ እሱንም ጠይቂ፤ ግን ከዚህኛው ቀጥሎ።

አሁን የነገሩ ልብ ላይ ደረስን፤ ማመልከቻው ሲደርስሽ ምን ትፈልጊበታለሽ? መጀመሪያ ቀኖቹን ተመልከቺ። በሐበሻ ፋይሎች ላይ በብዛት የሚታየው ስህተት የዘመን አቆጣጠር ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ድረስ በዓመቱ ላይ የሚደመረው 7 ነው፤ ከፈረንጅ አዲስ ዓመት በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ግን የሚደመረው 8 ነው። ፎርም ሞይዎች ግን ሁልጊዜ 8 ይደምራሉ። በኅዳር 2007 ዓ.ም. ታስሬ ነበር ያለ ሰው የታሰረው በኖቬምበር 2014 ነው። 8 ከተደመረበት ኖቬምበር 2015 ይሆናል። ሰውዬው አሜሪካ የገባው በኦገስት 2015 ከሆነ፣ ፋይሉ የሚለው አሜሪካ እያለ ኢትዮጵያ ውስጥ ታሰረ ነው። እውነቱን ይዞ የሄደ ሰው በዚህ ብቻ ውሸታም ሆኖ ይታያል። ቀጥለሽ የቤተሰብ ስሞችን፣ የልጆችን ብዛት፣ የድርጅት ስሞችን፣ የኖርሽባቸውን አድራሻዎች ተመልከቺ። የፎርሙ ክፍል ኢ ላይ፣ ፎርሙን የሞላልሽ ሰው ስሙንና ፊርማውን ማስቀመጥ ነበረበት፤ ባዶ ከሆነ ለጠበቃሽ አሳይው። ማመልከቻው የደረሰበትን ቀንም አረጋግጪ፤ ጥገኝነት በመርህ ደረጃ በገባሽ በአንድ ዓመት ውስጥ መጠየቅ ስላለበት ያ ማህተም ዋጋ አለው።

የቀን ስህተት ይታረማል። ከኢንተርቪው በፊት በጽሑፍ፣ ወይም ኢንተርቪው ሲጀመር መኮንኑ ማስተካከያ አለ ወይ ሲል በቃል ማረም ይቻላል። ያልሆነ ታሪክ ተጽፎልሽ ካገኘሽ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ፊርማው ያንቺ ነው። እያወቁ በዋና ጉዳይ ላይ ሐሰተኛ ማመልከቻ ማቅረብ ከማንኛውም የኢሚግሬሽን ጥቅም ለዘለቄታው ሊያግድ ይችላል። እንዲህ ያለ ነገር ካየሽ ለጓደኛ አታማክሪ፣ ራስሽም ደብዳቤ አትጻፊ። ቀጥታ ጠበቃ ጋ ሂጂ፤ ያንን 600 ዶላር የምታወጪበት ቦታ ይኸው ነው። የምትሄጂበት ሰው የጠበቃ ፈቃድ ወይም ከፍትሕ መሥሪያ ቤቱ የተሰጠ የውክልና ፈቃድ እንዳለው አስቀድመሽ ጠይቂ።

ቢከለክሉሽ ወይም ገጽ ቢጎድል፣ በ2016 ከወጣው ማሻሻያ ወዲህ ይግባኝ ለማለት ቢያንስ 90 ቀን አለሽ። ያው ማሻሻያ፣ ሰነዱ ቢወጣ የሚመጣ ተጨባጭ ጉዳት እስካልታየ ድረስ መሥሪያ ቤቱ ዝም ብሎ መከልከል የለበትም ይላል፤ ይግባኝሽ ላይ ይህን ጥቀሺ። ኢትዮጵያ ውስጥ በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት መረጃ የተከለከለ ሰው ወደ እንባ ጠባቂ እንደሚሄድ ሁሉ፣ እዚህም ኦጂስ የሚባል አስታራቂ ቢሮ አለ። በነፃ ይሸመግላል፣ ማዘዝ ግን አይችልም። የመጨረሻው መንገድ ፌዴራል ፍርድ ቤት ነው። ቀኑ አልፎ መልስ ካላገኘሽ ይግባኝ ሳትዪ በቀጥታ መክሰስ ትችያለሽ፤ ሆኖም የፍርድ ቤት ክፍያውም የጠበቃውም አለ፣ ለአንድ ማመልከቻ ኮፒ በዚያ መጀመርን አልመክርም።

ፋይሉ ሳይደርስ ቀጠሮ ቢመጣብሽ፣ የፎያ ሪሲትሽን ይዘሽ በዚያው ቀን ጠበቃ ጋ ሂጂ። ቀጠሮ ይራዘምልኝ ማለት ይቻላል፣ ሪሲቱም ምክንያትሽን ያሳያል፤ ግን መፍቀድ የእነሱ ነው፣ ዎርክ ፐርሚትሽ ላይም ችግር ሊያመጣ ስለሚችል ሳትመክሪ አታራዝሚ። በምንም መንገድ ሳትነግሪያቸው አትቅሪ። ካልተራዘመ ገብተሽ የምታውቂውን እውነት ብቻ ተናገሪ፤ ማመልከቻው ላይ የተጻፈውን ኮፒ ስላልተሰጠሽ መልሰሽ እንዳላነበብሽውም መጀመሪያ ላይ ንገሪያቸው።